«ይቻላቸዋል» እና «ሸጠ»፦ የሌላውን ቃል በራስ ቃል ስለ መመለስ

(ሳሪስ ውስጥ ለአካባቢው ነዋሪዎችና ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በቃል ከቀረበ የሕዝብ ገለጻ የተገለበጠ)



 የዚህ ዓይነት ገለጻ አብዛኛውን ጊዜ የሚደረገው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ፣ በምናውቃቸው ሰዎች ፊት ነው። ዛሬ ሳሪስ ላይ እንዲሆን የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ምክንያቱን ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ። በአዳራሹ ውስጥ ምክንያቱን አስቀድማ የምታውቅ አንዲት ሰው አለች፤ እስከዚያው ትታገሠኝ ዘንድ እለምናለሁ።

በየዓመቱ የመመረቂያ ጽሑፍ ወቅት ሲደርስ ተማሪዎች ወደ ቢሮዬ ይመጣሉ። ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «መምህር፣ ፓራፍሬዝ የሚደረገው እንዴት ነው?» ይላሉ። ብዙዎቹ ይህን የሚጠይቁት ከማወቅ ፍላጎት ሳይሆን ከፍርሃት ነው። ጽሑፋቸው በኮምፒውተር ይፈተሻል፤ ከሌላ ጽሑፍ ጋር የሚመሳሰለው ክፍል በመቶኛ ይሰላል፤ ቁጥሩ ከተፈቀደው በላይ ከሆነ ጽሑፉ ይመለሳል። ስለዚህ ተማሪው ቁጥሩን ዝቅ የሚያደርግ ዘዴ ይሻል። ከአስፋልቱ ዳር በሚገኙት የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች ይህንኑ በክፍያ የሚሠሩ ልጆች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን፤ አሁን አሁን ደግሞ ማሽኑ ራሱ በነጻ ይሠራዋል። ተማሪውን አልወቅስም። እኛ መምህራን ፈተናውን በቁጥር ካደረግነው እርሱም መልሱን በቁጥር መፈለጉ አያስደንቅም።

ይሁን እንጂ ቁጥሩ የሚለካው የቃላትን መመሳሰል ብቻ ነው። አንድ ምሳሌ ላቅርብ። ምሳሌው ከራሴ የማስተማሪያ ማስታወሻ የተወሰደ ነው፤ ማንንም አይነካም። እንዲህ ይላል፤ «የባቡር ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ከከተማዋ በስተደቡብ ያሉ ስፍራዎች ቀስ በቀስ የፋብሪካና የመጋዘን ሰፈር ሆኑ።» ይህን ዐረፍተ ነገር ለተማሪዎቼ ሰጥቼ በራሳችሁ አባባል ጻፉት ስላቸው፣ ብዙውን ጊዜ የሚመለስልኝ የሚከተለውን ይመስላል፤ «የምድር ባቡሩ መስመር በ1909 ዓ.ም. መዲናይቱ በመግባቱ በደቡብ በኩል የሚገኙ ቦታዎች በሂደት የኢንዱስትሪና የማከማቻ መንደር ለመሆን በቁ።»

ማሽኑ ይህን ያሳልፈዋል። ሁሉም ቃል ማለት ይቻላል ተለውጧል፤ «ሐዲድ» «መስመር»፣ «አዲስ አበባ» «መዲናይቱ»፣ «ሰፈር» «መንደር» ሆኗል። የዐረፍተ ነገሩ አጥንት ግን አልተነካም፤ ሐሳቡ የሚሄድበት መንገድ፣ የሚጀምርበትና የሚያርፍበት ስፍራ የእኔው ነው። ከዚህ የከፋው ደግሞ ተማሪው ሳያስበው የለወጠው አንድ ነገር ነው። እኔ «ከደረሰ በኋላ» ብዬ ነበር፤ እርሱ «በመግባቱ» አለ። እኔ የተናገርሁት ስለ ጊዜ ቅደም ተከተል ነው፤ እርሱ ምክንያት አደረገው። መለወጥ የሚገባውን ሳይለውጥ ቀርቶ መለወጥ የማይገባውን ለወጠ። ለታሪክ ተማሪ «ከዚያ በኋላ» እና «በዚያ ምክንያት» በሚሉት መካከል ያለው ልዩነት ሙሉ ሙያው ነው።

ታዲያ እንዴት ይጻፍ? ማስታወሻዬን ዘግቶ፣ «ይህን ለምን ፈለግሁት?» ብሎ ራሱን የጠየቀ ተማሪ ምናልባት እንዲህ ይል ነበር፤ «መምህሩ የከተማዋን ደቡባዊ ዳርቻ የፋብሪካ ሰፈርነት ታሪክ የሚጀምሩት ከባቡሩ መምጣት በኋላ ነው፤ ለውጡ አዝጋሚ እንደ ነበር ይጠቁማሉ፤ ባቡሩ ምን ያህል ምክንያት እንደ ሆነ ግን አይናገሩም።» ይህ ከእኔ ዐረፍተ ነገር ይረዝማል። ይርዘም። የእኔ የሆነው የእኔ መሆኑ ታውቋል፤ ያልተናገርሁትም አልተጫነብኝም። ደግሞም ተማሪው የራሱን ጥያቄ ለማንሳት በር ከፍቷል።

አሁን ወደ ታሪኩ ልለፍ። በአገራችን የሌላውን ቃል በሌላ ቃል መመለስ ያስከተለውን መዘዝ ለማየት ከውጫሌ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ሁላችሁም በትምህርት ቤት ተምራችሁታል፤ ስለዚህ የታወቀውን በአጭሩ አልፌ፣ ለጉዳያችን የሚጠቅመው ላይ ልቆይ።

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ በውጫሌ ንጉሥ ምኒልክና የኢጣልያው መልእክተኛ ፒየትሮ አንቶኔሊ የተፈራረሙት ውል በሁለት ቋንቋ የተጻፈ ነበር። ዐሥራ ሰባተኛው አንቀጽ በአማርኛው፣ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች የአውሮፓ ነገሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት መጠቀም «ይቻላቸዋል» ይላል። በኢጣልያንኛው ግን ንጉሠ ነገሥቱ በዚሁ መንገድ ለመጠቀም የተስማሙ ሆነው ቀርበዋል። ሮማ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ይህን ንባብ ይዛ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች፤ ኢትዮጵያም በኢጣልያ ጥበቃ ሥር እንደ ገባች ተቆጠረ። ምኒልክ ዘውድ መጫናቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት በቀጥታ ቢጽፉ፣ ከእንግሊዝና ከጀርመን የመጣው ምላሽ መልእክቱ በኢጣልያ በኩል መሆን ነበረበት የሚል ሆነ። በመስከረም 1883 ዓ.ም. ምኒልክ ለንጉሥ ኡምቤርቶ ጽፈው ሁለቱ ጽሑፎች እንደማይገጥሙ አስታወቁ። ከዚያ በኋላ ያለውን፣ በየካቲት 1885 ዓ.ም. ውሉ መሻሩንና የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የሆነውን፣ እናንተም ታውቁታላችሁ።

ተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ የማያስተውሉት ሌላ አንቀጽ አለ። ዐሥራ ዘጠነኛው አንቀጽ ሁለቱ ጽሑፎች ፍጹም የሚስማሙ መሆናቸውንና እኩል የሚታመኑ መሆናቸውን ይናገራል። ይህን ባነበብሁ ቁጥር የመመረቂያ ጽሑፎቻችን የመጀመሪያ ገጽ ትዝ ይለኛል። እዚያ ላይ ተማሪው የተጠቀመባቸውን ምንጮች ሁሉ በሚገባ መጥቀሱን በፊርማው ያረጋግጣል። ፊርማው አለ፤ መስማማቱ ግን በፊርማ አይመጣም።

አንቶኔሊ ይህን ያደረገው ሆን ብሎ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ የታሪክ ሊቃውንትን አከራክሯል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ስዊድናዊው ስቬን ሩቤንሰንና ኢጣልያዊው ካርሎ ጂሊዮ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጆርናል ኦፍ አፍሪካን ሂስትሪ ላይ ተከራክረውበታል። እኔ ወደ ሩቤንሰን አዘነብላለሁ፤ ዛሬ የሚያሳስበኝ ግን ክፋቱ አይደለም። የተንኮል ትርጉም ብርቅ ነው፤ የቸልተኝነት ትርጉም ግን የየዕለቱ ነገር ነው። አንድ ግሥ ከ«ይችላል» ወደ «ይስማማል» ለመሻገር ተንኮለኛ ሰው አያስፈልገውም፤ የቸኮለ ሰው ይበቃል።

ለዚህም ማስረጃው ያው አንቶኔሊ ነው። በ1883 ዓ.ም. አንቀጹን ለማስተካከል ተመልሶ አዲስ አበባ ሲመጣ፣ ከብዙ ክርክር በኋላ በአማርኛ የተጻፈ አንድ ስምምነት ላይ ፈረመ። አንቀጹ እንዳለ ይቆያል የሚል መስሎት ነበር። ኋላ የአገሩ ሰው የሆነው ሳሊምቤኒ ሲተረጉምለት፣ ጽሑፉ አንቀጹ መሰረዙን የሚናገር ሆኖ ተገኘ። በዚህ ታሪክ ሳቅ የሚመጣበት ሰው ቢኖር አልከለክለውም፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳነብ ስቄአለሁ። ነገር ግን ትምህርቱ ለሁለቱም ወገን አንድ ነው። የሌላውን ጽሑፍ በራስህ ቃል ካልመለስኸው፣ አልተረዳኸውም። «ገብቶኛል» ብሎ መፈረም መረዳት አይደለም።

እዚህ ላይ ወደ ኋላ ልመለስ። አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህን ሙያ ከውጭ ዩኒቨርሲቲዎች የተዋስነው አድርገው ይናገራሉ። እኔ አልስማማም። ምንጭን በራስ ቃል የመመለስ ሥርዓት በአገራችን ጥንታዊ ነው፤ ስሙም ትርጓሜ ነው። በመጻሕፍት ቤት መምህሩ በግእዝ ያነባል፤ ከዚያም በአማርኛ ይመልሳል። ተማሪዎች ጉባኤው ሲነሣ ሰብሰብ ብለው የሰሙትን እየተቀባበሉ ይከልሳሉ። ይህ ለዘመናት በቃል ሲወርድ ሲዋረድ የኖረ ሲሆን፣ በጎንደር የላይ ቤትና የታች ቤት የሚባሉ ሁለት የትርጓሜ መንገዶች እስኪታወቁ ድረስ ጥንቃቄ የተደረገበት ትምህርት ነበር። በልጅነቴ አጎቴ የመጻሕፍት ተማሪ ስለ ነበር፣ ማታ ማታ ከራሱ ጋር ሲከልስ እሰማው ነበር። ያን ጊዜ ምንም አልገባኝም፤ የሦስት ቃላት ዜማ ብቻ በጆሮዬ ቀረ፤ «ሲል ነው»፣ «አንድም»፣ «እንዲል»።

ዶክትሬቴን ከያዝሁ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው እነዚያ ሦስት ቃላት ምን ያህል ሥራ እንደሚሠሩ ያስተዋልሁት። «ሲል ነው» የሚለው፣ ይህ የእኔ ማብራሪያ እንጂ የመጽሐፉ ቃል አይደለም ብሎ ድንበር ያኖራል። «አንድም» የሚለው፣ ከዚህ ሌላ ፍች ሊኖር ይችላል ብሎ በሩን ክፍት ይተዋል፤ ተርጓሚው የመረጠውን ብቻ ሳይሆን ያልመረጠውንም ለአድማጭ ያቀርባል። «እንዲል» የሚለው ደግሞ ከሌላ ስፍራ የመጣ ምስክር መሆኑን ያሳያል። እኛ ዛሬ በግርጌ ማስታወሻ፣ በትምህርተ ጥቅስና በቅንፍ የምናደርገውን እነርሱ በአፍ ሠርተውታል። ለዚህ ነው ተማሪዎቼን በእንግሊዝኛ ከመጻፋችሁ በፊት ያነበባችሁትን ለጓደኛችሁ በአማርኛ፣ ወይም በምታስቡበት በማናቸውም ቋንቋ ንገሩት የምላቸው። ጓደኛው ያልገባው ቦታ ላይ አንባቢው ያልገባው እርሱ ራሱ ነው። አብዛኛው ተማሪያችን የሚገለብጠው ሌባ ስለ ሆነ አይደለም፤ ሐሳቡን የያዘበት ቋንቋና የሚጽፍበት ቋንቋ ስለ ተለያዩበት ነው። የሌላውን ዐረፍተ ነገር እንደ ምርኩዝ ይይዛል።

ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም እዚህ ላይ ሊረሳ አይገባውም። እውነተኛ ታሪክ ለሚጽፍ ሰው ሦስት ነገር ያስፈልጋል ይላል። በራሴ ቃል ልመልሰው፤ የሆነውን የሚያስተውል ልብ፣ ሳያዳላ የሚፈርድ አእምሮ፣ ያየውንና የፈረደውን ለሌላው የሚያደርስ ጥርት ያለ ቋንቋ። እኔ የምጨምረው ቢኖር፣ ሁለተኛው ያለ ሦስተኛው አይቆምም የሚለውን ነው። የማያዳላ ሰው ባልጠራ ቃል ሲጽፍ ያዳላል። ይህን የምለው ከመጽሐፍ አይደለም።

አሁን ወደ ሳሪስ ልምጣ።

በ1990 ዓ.ም. ለሁለተኛ ዲግሪዬ በደቡብ አዲስ አበባ ስለ ፋብሪካዎች መስፋፋት ሳጠና፣ ከዚህ አዳራሽ ብዙ በማይርቅ ግቢ ውስጥ አንድ አዛውንት አነጋግሬ ነበር። ስማቸውን አልጠራም። እኔ «አባባ» እላቸው ነበር። አማርኛና አፋን ኦሮሞ እየቀላቀሉ ይናገራሉ፤ ቡና ያቀርቡልኛል፤ የካሴት መቅረጫዬን «ይቺ ደግሞ ትሰማለች?» እያሉ ይቀልዱባታል። ቤተሰባቸው ከፋብሪካ በፊት እዚህ ያርስ ነበር። ሦስት ካሴት ሞላሁ። ጽሑፌም ስለዚያ ቤተሰብ አንድ ዐረፍተ ነገር ነበረው፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ይላል፤ «ቤተሰቡ መሬቱን ሸጦ ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወረ።» የግርጌ ማስታወሻም አለው፤ የቃለ መጠይቁ ቀን በትክክል ተጠቅሷል። ፈታኞቼ በማስረጃ አጠቃቀሜ አመስግነውኛል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ወጣት ቢሮዬ መጣች። የአዛውንቱ የልጅ ልጅ ነች። አያቷ ዐርፈዋል። የጽሑፌን ፎቶ ኮፒ ይዛለች፤ በዚያች ዐረፍተ ነገር ሥር በእርሳስ አስምራለች። ከእርሱ ጋር ሌሎች ሁለት የመመረቂያ ጽሑፎች ነበሩ፤ ሁለቱም እኔን ጠቅሰው «መሬታቸውን የሸጡ ገበሬዎች» ብለው ጽፈዋል። የኔው «ሸጠ» በአንድ ቤተሰብ ተጀምሮ ብዙ ቁጥር ሆኗል። በትሕትና፣ ድምጿን ሳታነሣ፣ «ጋሼ፣ አያቴ ሸጥሁ ያሉት የት ላይ ነው?» አለችኝ።

የት ላይ እንደ ሆነ አውቃለሁ ብዬ ነበር። ማታ ሳሪስ ቤቴ ገብቼ ካሴቶቹን ከቁም ሣጥን አወጣሁ። መቅረጫው ከተበላሸ ቆይቷል፤ የሚሠራ ለማግኘት ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ከዚያም ሦስቱንም አዳመጥሁ። «ሸጥን» የሚል ቃል የለም። አንድም ጊዜ የለም። ካሳ የሚል ቃል አለ፤ እኔ ከካሳ ወደ ሽያጭ የተሻገርሁት በራሴ ነው። በወቅቱ ያነበብኋቸው ጽሑፎች ስለ መሬት መሸጥና መግዛት ይናገሩ ስለ ነበር፣ የሰማሁትን በዚያ ቃል ሰማሁት። አዛውንቱ የሰጡኝን በእነርሱ ቋንቋ መለስሁት፤ ምንጭ ብዬ የጠቀስሁት ግን አዛውንቱን ነው። ማንም መፈተሻ ይህን አያገኝም። መመሳሰሉ ዜሮ ነው፤ ጥቅሱ ትክክል ነው፤ ቃሉ ግን የእርሳቸው አይደለም።

ማስተካከያ ጽፌ ጽሑፌ ወደሚገኝበት ቤተ መጻሕፍት ወሰድሁ። ለዚህ የተዘጋጀ አሠራር እንደሌለ ተነገረኝ። በግልባጩ ውስጥ አንድ ወረቀት አጣብቄ መጣሁ፤ እስካሁን ይኑር አይኑር አላውቅም። ሁለቱን ጽሑፎች ለጻፉት፣ አንደኛዋ የቀድሞ ተማሪዬ ነች፣ ስልክ ደውዬ ነገርኋቸው። አንደኛዋ አመሰገነችኝ። ሌላው «መምህር፣ እርስዎን አምኜ ነው» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ተማሪዎቼ ስለ ዘዴው ይጠይቁኛልና፣ ከዚያ ወዲህ የማደርገውን ልንገራቸው። ከቃለ መጠይቅ ስጽፍ የተናጋሪውን ግሥ መጀመሪያ በራሱ ቋንቋ በማስታወሻዬ ላይ አኖራለሁ፤ ከጎኑ የእኔን ግሥ እጽፋለሁ። ሁለቱ ካልገጠሙ የእርሱን ቃል በትምህርተ ጥቅስ አስገባለሁ እንጂ የእኔን አልጭንበትም። ካልገባኝ ደግሞ «አንድም» እላለሁ፤ ሁለቱንም ንባብ አቀርባለሁ። ገጹ ይረዝማል፤ ፈታኞች አንዳንድ ጊዜ ይቆጣሉ። ይህን ሁሉ ከአጎቴ ቤት ልማረው ይቻለኝ ነበር።

ሳሪስ ላይ እንዲሆን የጠየቅሁት በዚህ ምክንያት ነው። ያ ዐረፍተ ነገር የተጻፈው ስለዚህ ሰፈር ነው፤ ማስተካከያውም በዚህ ሰፈር ሰዎች ፊት እንዲነበብ ፈለግሁ። የልጅ ልጃቸው ፈቅዳልኛለች። ከሁለተኛው ካሴት፣ በአማርኛ ከተናገሩት፣ አንድም ቃል ሳልለውጥ እንዲህ ይላሉ፤

«መጡና ለኩ። በገመድ ነው የለኩት። ሲጨርሱ ካሳ ይሰጣችኋል አሉን። ስንት አልናቸው። ይነገራችኋል አሉ። እህሉ ገና አልታጨደም ነበር። እስኪታጨድ ታገሡን አልን። አልታገሡንም። ወጣን። ካሳውን ወንድሜ ሄዶ ይጠይቅ ነበር። ወንድሜ እስኪሞት ይጠይቅ ነበር።»

 ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ፤ መጀመሪያ ግን የመናገር ዕድሉን ለልጅ ልጃቸው እሰጣለሁ።